ሸራ ጀልባ በቤት መኪና ከድሬ ወደ ሐረማያ ልጎትት ነው፤ ደንገጎን የሚያውቅ ይምከረኝ

የከዚራ አባት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ከዚራ ነው የምኖረው። አዲስ አበባ ይኖር የነበረ አንድ የውጭ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ሸራ ጀልባውን ሸጠልኝ። ዓይነቱ ዌይፋረር ይባላል። በ1957 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተነደፈ ነው። ቁመቱ 4.82 ሜትር፣ ባዶ አካሉ 169 ኪሎ ነው። ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢውም አብሮት አለ። እስከ ድሬ በአይሱዙ አስጭኜ አመጣሁት። አሁን ግቢዬ ውስጥ ማንጎው ሥር ላስቲክ ለብሶ ቆሟል።

ልጅ ሆኜ አባቴ ወደ ሐረር ሲወስደን ሐረማያ ላይ ስንደርስ ሁላችንም ወደ ሐይቁ በኩል ባለው መስኮት እንጋፋ ነበር። ከዚያ ውሃው ደረቀ። የመጀመሪያ ልጄን ይዤ ሳልፍ የማሳያት ነገር አልነበረኝም፤ ከብት ነበር የሚግጥበት። አሁን ውሃው ተመልሷል። ልጆቼን እዚያ ውሃ ላይ ማውጣት እፈልጋለሁ። ሌላ ምኞት የለኝም።

መኪናዬ አሮጌ ራቭ ፎር ነው። ቤንዚን፣ ማንዋል። ከኋላ መጎተቻ ጋንቾ አስበይጄለታለሁ። ተሳቢ ጎትቼ አላውቅም። የደንገጎን ዳገት ይወጣዋል ወይ? ሐይቁ ዳር ስደርስስ ጀልባውን እንዴት ነው ውሃ ውስጥ የማስገባው? የምታውቁ አስተምሩኝ።

ቦቴ ነጂ

ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ። የጂቡቲን መስመር ከ20 ዓመት በላይ ነድቻለሁ፤ ደንገጎንም በቀንም በሌሊትም አውቀዋለሁ። ይወጣዋል ወይ ብለህ ጠይቀሃል። ይወጣዋል። አንተ መጠየቅ ያለብህ ይወርደዋል ወይ ብለህ ነው።

ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ስለዚህ ስትወጣ መኪናህ ይደክማል። ችግር የለውም፣ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ ብለህ ትወጣለህ። ኤሲ አጥፋ። የሙቀት መለኪያውን እያየህ ንዳ። ከፍ ካለ ዳር ይዘህ ቁም። ራዲያተሩን ግን በሙቁ እንዳትከፍት፣ ፊትህን ነው የሚልጠው።

መውረዱ ላይ ነው ሰው የሚያልቀው። ተሳቢህ የራሱ ፍሬን የለውም፣ ልክ ነኝ? አንተ ፍሬን ስትይዝ እሱ ከኋላ ይገፋሃል። ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ላይ ተንጠልጥለህ ከወረድክ የፍሬን ሸራው ይግላል። መጀመሪያ ይሸታል፣ ከዚያ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ከዚያ የለም። በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ማርሹን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቀንስ፣ መሃል ላይ አይደለም። ፍሬን ስትይዝ ጠንከር አድርገህ ያዝና ልቀቀው፣ እንዲተነፍስ።

ሌላው ነገር፣ ከአወዳይ የሚወጡትን የጫት መኪኖች ታውቃቸዋለህ። ከኋላህ መብራት ሲያበሩ አትወዳደር፣ ሰፊ ቦታ ፈልገህ አሳልፋቸው። የቁልቢ ገብርኤል ሰሞን ደግሞ፣ ታኅሣሥ 19ም ሆነ ሐምሌ 19፣ ጀልባ ይዘህ እዚያ መንገድ ላይ እንዳትወጣ።

የከዚራ አባት

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አዎ፣ ተሳቢው ፍሬን የለውም። ክብደቱን ገና አልመዘንኩም። በግምት ከነዕቃው 350 ኪሎ ይሆናል።

ቶርኖ ቤት

350 ኪሎ ከሆነ ብዙ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ፍሬን የሌለው ተሳቢ እስከ 750 ኪሎ ድረስ ይፈቀዳል፣ ያውም የመኪናው ክብደት ግማሽ ሳያልፍ። የመኪናህን መመሪያ መጽሐፍ ግን አንብብ፣ የሚጎትተው ልክ ተጽፏል። ዋናው ክብደቱ የት ላይ አርፏል የሚለው ነው።

እንዲህ አድርግ። ጀልባውን እንደምትሄድበት ጫነው። ምሰሶውም፣ ሸራውም፣ መቅዘፊያውም ይኑር። የተሳቢውን አፍ ከመኪናው አላቀህ በጋንቾው ከፍታ ልክ በእንጨት ደግፈው፣ ከእንጨቱ ሥር ደግሞ የሰው መመዘኛ ሚዛን አድርግ። ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ማንበብ አለበት። ለ350 ኪሎ 35 ኪሎ ማለት ነው። ሚዛኑ 10 ኪሎ ካለህ ጀልባውን በተሳቢው ላይ ወደፊት ግፋው። 70 ካለህ ወደኋላ መልሰው።

ይህን የምልህ ለወግ አይደለም። ክብደቱ ወደኋላ የተጫነ ተሳቢ 60 እና 70 ላይ ሲደርስ እንደ ውሻ ጭራ መወዛወዝ ይጀምራል። እሱ ከጀመረ ፍሬን አትርገጥ፣ ነዳጅም አትጨምር። እግርህን ከነዳጁ አንሳ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ራሱ ይረጋል። ከዚያ ቆመህ ጭነቱን አስተካክል።

አሁን ስለ ጋንቾው። የበየደልህ ሰው በመልካም ልብ እንደሠራው አልጠራጠርም። ግን የት ላይ በየደው? ፓራውልቱ ላይ ከሆነ አስፈታው። ከሻንሲው ጋር በቡሎን መታሰር አለበት። ሁለተኛ፣ ክብ ራሱን በካሊበር ለካው። 50 ሚሊ ሜትር የሆነ አለ፤ በኢንች የሚሠራ 47.6 የሆነም አለ። በዓይን አይለዩም። የእኔ ሥራ ብረት መቁረጥ ነው፣ እኔም በዓይን አለየሁትም።

ከአራት ዓመት በፊት ትንሽ የጀነሬተር ተሳቢ ከአሰበ ተፈሪ ስጎትት ነበር። ጋንቾውን ከአንድ ሱቅ ገዛሁት። የተሳቢው አፍ 50 ነው፣ የገዛሁት ራስ 47.6። ይገባል፣ ይቆለፋል፣ ደህና ይመስላል። ሂርና አካባቢ አንድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ስወጣ "ኳ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። በስፖኪዮ ሳይ ተሳቢው አፍንጫውን አስፋልቱ ላይ እየፈተገ እሳት እየረጨ ይከተለኛል። ያተረፈኝ ሰንሰለቱ ነው። ሁለት ሰንሰለት ነበረ፣ ከአፉ ሥር በመስቀል የታሰረ። በመስቀል የሚታሰረው አፍንጫው ሲወድቅ እንዲያርፍበት ነው። መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት አንድ ሦስት ሜትር ከፊቱ ነበረች። አሁንም ሌሊት ትመጣብኛለች።

ሰንሰለት ሳታስር ከግቢ እንዳትወጣ።

የሳቢያን እናት

አንድ ነገር ልጠይቅ? ለምን በየሳምንቱ ይጎተታል? አንድ ጊዜ በደንብ ወስደህ እዚያው ሐረማያ ዘመድ ግቢ ብታስቀምጠውስ? ደንገጎን በተሳቢ በዓመት ሁለቴ መሄድና ሃምሳ ጊዜ መሄድ አንድ አይደለም።

የከዚራ አባት

እትዬ ይህ አልታሰበኝም ነበር። ባለቤቴ አክስት አወዳይ አለቻት። እንጠይቃታለን።

ጋሼ ቶርኖ ቤት፣ ለካሁት። 50 ነው፤ አፉም 50 ተጽፎበታል። ብየዳው ግን እንዳሉት ፓራውልቱን ይዞ ነው የተሠራው። ነገ አስፈታዋለሁ።

ወደኋላ መንዳት መለማመድ ፈልጌ ነበር። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ውስጥ አሸዋው ሰፊና ባዶ ስለሆነ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ልወርድ አስቤያለሁ። ተለማምዶ የሚያውቅ አለ?

ገንደ ቆሬ

አቦ ደቻቱ ውስጥ አትግባ። በአላህ ይዤሃለሁ።

ልጅ አልነበርኩም፣ አስታውሰዋለሁ። በ1998 ክረምት ሌሊት ድሬ ላይ ብዙም ሳይዘንብ ጎርፉ ከላይ ከተራራው መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሄደ። ጎረቤቶቻችን ሄዱ። ያ አሸዋ ባዶ የሚመስለው ውሃው ስላልመጣ ብቻ ነው። ደንገጎ ላይ ሲዘንብ እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊሆን ይችላል። አንተ መኪናው ላይ ተሳቢ አስረህ፣ አሸዋ ውስጥ ጎማህ ሰጥሞ፣ ድምፁን ስትሰማ በየት ትወጣለህ? ልጆችህንም ይዘህ ትሄድ ይሆናል።

በመልካ ጀብዱ በኩል ሜዳ ሞልቷል። እዚያ ሂድ።

የከዚራ አባት

ወንድሜ ልክ ነህ። እኔም የዚያን ሌሊት ድሬ ነበርኩ። እንዴት እንደረሳሁት አላውቅም። መልካ ጀብዱ እሄዳለሁ።

ቦቴ ነጂ

ገንደ ቆሬ ተባረክ።

ወደኋላ መንዳቱን ልንገርህ። እጅህን መሪው ታች ላይ አድርግ፣ ሰዓት ቢሆን 6 ቁጥሩ ላይ። ተሳቢው ወደ ቀኝ እንዲሄድ ከፈለግህ እጅህን ወደ ቀኝ ውሰድ። ወደ ግራ ከፈለግህ ወደ ግራ። በቃ፣ ጭንቅላትህ መገልበጥ አይኖርበትም። ጥቂት ጥቂት አንቀሳቅስ። ያንተ ተሳቢ አጭር ነው፤ አጭር ተሳቢ ከረጅሙ ይልቅ ቶሎ ይታጠፋል። የእኔ ቦቴ ቀስ ብሎ ነው የሚታጠፈው፣ ያንተ ግን በአንድ እስትንፋስ ጎንህ ላይ ይመጣል። መታጠፍ ከጀመረ በመሪ አታስተካክለው። ቁም፣ ወደፊት ሂድ፣ ቀጥ አድርገው፣ እንደገና ጀምር። አሥር ጊዜም ቢሆን።

ውጭ ቆሞ የሚያይልህ አንድ ሰው ይኑር። አንድ ብቻ። ሦስት ሰው "ና ና ና" ሲልህ የማንን ትሰማለህ? መስኮቱን ክፈት፣ ሬዲዮ ዝጋ፣ ሰውየውን በስፖኪዮ ካላየኸው ቁም።

ላንጋኖ ተመላላሽ

በትንሽ ሸራ ጀልባ ለብዙ ዓመት ላንጋኖ ሄጃለሁ። የውሃውን ዳር ነገር ልጨምር።

የዌይፋረር ተሳቢ ብዙ ጊዜ ሁለት ክፍል አለው። ታች የመንገዱ ተሳቢ ነው። ላዩ ላይ ደግሞ ጀልባው የተቀመጠበት ትንሽ የእጅ ጋሪ አለ፣ የራሱ ሁለት ጎማ ያለው። ያንተን እየው። ካለው ትልቅ ዕድል ነው። መኪናው ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል፣ የመንገዱ ተሳቢም ይቀራል፣ ጀልባውን በእጅ ጋሪው ብቻ ገፍተህ ውሃ ትከታለህ። ከሌለው ለቶርኖ ቤት ንገረው፣ ከቱቦና ከሁለት የባጃጅ ጎማ ይሠራልሃል።

ለምን መሰለህ? የትንሽ ተሳቢ ጎማ ትንሽ ስለሆነ ከመኪናው ጎማ አብልጦ ይሽከረከራል። ኩሽኔታው ይግላል። የጋለውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትከተው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን ይስባል። ግራሶው ይበላሻል። የዚያን ቀን ምንም አይልህም። ከአንድ ወር በኋላ መንገድ ላይ ጎማው ከነቸርኬው ተነቅሎ ይቀድምሃል። ተሳቢውን የግድ ውሃ ውስጥ መክተት ካለብህ ሃምሳ ደቂቃ፣ አንድ ሰዓት ያህል አሳርፈው። በእጅህ ስትነካው ካላቃጠለህ በኋላ ነው። የመብራቱን ስፒናም ቀድመህ ንቀለው፣ አለዚያ አምፖሉ ይፈነዳል።

ሁለተኛው ነገር ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ምሰሶው አሉሚኒየም ነው፣ ከ6 ሜትር በላይ ነው። ከማቆምህ በፊት ቀና ብለህ እይ። የመብራት ሽቦ አለ? ካለ እዚያ አታቁመው። ካቆምከው በኋላ ጀልባውን የምትገፋበት መንገድ ላይስ ሽቦ አለ? ሐይቅ ዳር የመስኖ ፓምፕ ባለበት ሰው ሽቦ ዝቅ አድርጎ ይዘረጋል። ምሰሶው ሽቦ ከነካ የምሰሶውን የብረት ገመድ የያዘ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ይህን ለልጆቹም ንገራቸው፣ ሰማይ ማየቱ የእነሱ ሥራ ይሁን።

ከግቢ ስትወጣ ደግሞ ምሰሶው ተጋድሞ ከኋላ ይወጣል። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰር። ጀልባውን ዊንቹ ብቻ እንዲይዘው አትተው፣ በሰፊ ቀበቶ ከተሳቢው ጋር እሰረው። 5 ኪሎ ሜትር ሄደህ ቁምና ቀበቶውን ደግመህ አጥብቅ፣ መላላቱ አይቀርም።

የጀልባው መቀመጫ ሥር ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለ። ውሃ ከመግባትህ በፊት መድፈኑን እንዳትረሳ ቡሹን ከመኪና ቁልፍህ ጋር አንጠልጥለው።

ጀጎል

የሐረር ሰው ነኝ። ሐረማያን በደንብ አውቀዋለሁ። ዳሩን እንደ ላንጋኖ አሸዋ አታስበው። ሐይቁ ደርቆ የተመለሰ ነው፣ ከዙሪያው ተራራ የሚወርደው ደለል ሞልቶታል። ላዩ ደርቆ የተሰነጠቀ መሬት ታያለህ፣ ሰው ሲሄድበት ይችላል። መኪና ሲወጣበት ግን ቅርፊቱ ይሰበርና ከሥሩ ጭቃ ነው። አንድ ዘመዴ ፒካፑን እዚያ አስገብቶ እስከ ማታ በበሬ ነው የወጣው።

በእግርህ ቀድመህ ሂድ። ተረከዝህን መሬቱ ላይ ምታ። ተረከዝህ ከሰጠመ መኪናው እዚያ አይደርስም። ጣውላ ይዘህ ሂድ፣ አራት አምስት።

ዙሪያው የሰው ማሳ ነው፣ ጫት አለ፣ አትክልት አለ፣ የፓምፕ ቱቦ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ሳትጠይቅ አትለፍ። ሰላም ብለህ፣ ምን ልታደርግ እንደመጣህ ተናግረህ ብትጠይቅ እምቢ የሚልህ የለም። አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው ይዘህ ሂድ። ያን ውሃ ሲጠፋ ያዩት እነሱ ናቸው። ሲመለስም የጠበቁት እነሱ ናቸው።

ነርስ ነኝ

ስለ ልጆቹ። የሚነፋ የዋና ቀለበት ላይፍ ጃኬት አይደለም። ጃኬቱ ላይ ቁጥር አለ። 50 የሚለው መዋኘት ለሚችል ሰው ነው። መዋኘት ለማይችል ልጅ 100 የሚለውን ፈልጉ፣ አንገት ያለውን፣ በእግሮቹ መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለውን። አልብሱትና ከትከሻው ያዙና ወደ ላይ ሳቡት። ጃኬቱ ጆሮው ድረስ ከወጣ ውሃ ውስጥም ይወጣል።

ትልልቆቹም ልበሱ። ጀልባው ቢገለበጥ ጀልባውን እንዳትለቁ፣ ወደ ዳር ለመዋኘት አትሞክሩ። እግራችሁን ደግሞ በባዶው ውሃ ውስጥ አታቁሙ። ቢልሃርዚያ በቆዳ ነው የሚገባው። የፕላስቲክ ቦት አድርጉ፣ ከወጣችሁ በኋላ ቶሎ በፎጣ ጥርግ።

የሳቢያን እናት

የተሳቢው ታርጋስ? ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ እንዳለው አውቃለሁ። መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ አስቀድመህ ጠይቅ፣ ደንገጎ ላይ ቆመህ ከምታስረዳ።

የከዚራ አባት

ጠይቄያለሁ እትዬ፣ ወረቀቱ ተጀምሯል። እስኪያልቅ ጀልባውን አልነካም።

*

የከዚራ አባት

ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው። ወረቀቱ አለቀ። ሄድን። እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ፣ እዳ አለብኝ።

መጀመሪያ ሚዛኑን። ጀልባው ከነተሳቢው 342 ኪሎ ሆነ። አፍንጫው ላይ 14 ኪሎ ብቻ ነበር! ሰውየው ጀልባውን አንድ ክንድ ያህል ወደኋላ አድርጎ ነበር ያስቀመጠው። ወደፊት ገፍተን 34 ላይ አቆምነው። ጋንቾው አሁን ሻንሲው ላይ በስድስት ቡሎን ነው ያለው። ኩሽኔታዎቹን አስፈትቼ ሳይ የአንዱ ግራሶ ደርቆ እንደ ሳሙና ሆኗል። ሁለቱንም ቀየርኩ። ስኮርታ ጎማም ገዛሁ።

መልካ ጀብዱ ሜዳ ላይ አራት ቅዳሜ ተለማመድኩ። ድንጋይ ደርድሬ በመሃሉ ወደኋላ እየገባሁ። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው እጄ የገባው። ልጄ ናት የምታይልኝ፣ 11 ዓመቷ ነው። "ቁም" ስትል እቆማለሁ፣ አልከራከርም።

እሁድ ሊነጋጋ ሲል ወጣን፣ ሳይሞቅ። ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ፣ 25 እና 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ሁለት ጊዜ ቆመን ሌሎችን አሳለፍን። ላይ ስንደርስ ወርጄ የተሳቢውን ጎማ መሃል በእጄ ነካሁት። ለብ ያለ ነበር፣ እንደ ሻይ ብርጭቆ ከጠጡት በኋላ። ቀበቶዎቹን አጥብቄ ቀጠልን።

ሐይቁ ዳር ጀጎል እንዳለው በእግሬ ቀደምኩ። ተረከዜ ከውሃው 40 ሜትር ያህል ርቀት ላይ መስጠም ጀመረ። መኪናውን ከዚያ በፊት፣ ጠጠር ላይ፣ የእጅ ፍሬን ይዤ፣ ከጎማው ኋላ ታኮ አድርጌ አቆምኩት። የማሳው ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። የባለቤቴ አክስት ልጅ በኦሮምኛ አስረዳቸው። ጀልባውን ዞረው አዩትና የፓምፕ ቱቦአቸውን ራሳቸው ከመንገዱ አነሱልን። ልጆቻቸውን ጠሩ። የእጅ ጋሪው ነበረው፣ ላንጋኖ ተመላላሽ እንዳልከው። ጣውላ አነጠፍን፣ ጋሪው ሲያልፍ የኋላውን አንስተን ወደፊት እናነጥፋለን። ስምንት ሰው ነበርን። 40 ሜትሩ 25 ደቂቃ ፈጀ።

ምሰሶውን ከማቆማችን በፊት ልጆቹ ሰማዩን አዩ። ታናሹ "አባዬ፣ ሽቦ አለ" አለ። ነበረ። ከፓምፑ ወደ ቤቱ የሚሄድ፣ በቀጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ የተንጠለጠለ። እኔ አላየሁትም ነበር። ጀልባውን ተንሳፍፎ ሳለ በመቅዘፊያ ወደ ጎን 60 ሜትር ወስደን ነው ምሰሶውን ያቆምነው።

ውሃው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ነፋሱ ቀላል ነበር። ልጄ መሪውን ያዘች። ሸራው ሲሞላ ጀልባው ትንሽ ጋደል ይላል፣ ከሥር ውሃው ይንሾካሾካል። አባቴ ያሳየኝ የነበረው ውሃ ላይ ነበርን። ሽማግሌው ዳር ላይ ቆመው እስክንመለስ አልሄዱም።

ጀልባውን አክስት ግቢ አወዳይ አስቀምጠን ባዶ መኪና ይዘን ወረድን። የሳቢያን እናት፣ ምክርሽ ነው።

ቦቴ ነጂ

እሰይ። አፍንጫው ላይ 14 ኪሎ ይዘህ ደንገጎን ብትወርድ ኖሮ ዛሬ አትጽፍልንም ነበር። ኩሽኔታው አወዳይ ስትደርስስ?

የከዚራ አባት

የግራው ለብ ያለ፣ የቀኙ ትንሽ ሞቅ ያለ። እጄን ማቆየት ችያለሁ። ይለያያል ወይ?

ቶርኖ ቤት

መለያየት የለበትም። የቀኙን ዳዶ አጥብቀኸዋል። በክሪክ አንሳው፣ ጎማውን በእጅህ አሽከርክር። ሲቆም ቶሎ ከቆመ ዳዶውን ሩብ ዙር አላላ፣ ከላይና ከታች ይዘህ ወዝውዘው፣ ጠቅ ጠቅ ማለት የለበትም። ሹካ ሚስማሩን መመለስ አትርሳ። ቅዳሜ ሐረር እሄዳለሁ፣ አወዳይ ላይ ጠብቀኝ፣ አብረን እናየዋለን።

ጀጎል

ቅዳሜ ከሆነ እኔም እመጣለሁ። ጣውላ አለኝ።